ለትምህርት ቤቱ ፖሊስ ሽማግሌ የላክሁ ሰሞን

ፖሊስ ሽማግሌ እንደማይቀበል ያወቅሁት በልጄ ነው። ይህን የማጫውታችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ብትስቁም አልቀየምም፣ አሁን አሁን እኔ ራሴ እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ሳቅ የሚባል ነገር ከቤቴ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቶ ነበር።

ዘሃራ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ የእንጨት ቤት ፎቁ ላይ እንኖር ነበር። ባለቤቴ ሰይድ በትልቅ የጭነት መኪና ከስቴት ስቴት ይዞራል፤ ሲመቸው ከመንገድ ላይ ይደውላል። እኔ ሆስፒታል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፣ አጣጥፋለሁ። ልጃችን ራህማ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እኔም የገባኝን ይዤ የቀረውን ከፊቷ እገምታለሁ። እንዲሁ ስንገማመት ነው የኖርነው።

የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር የከተማው ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የግድ ፖሊስ እንዲኖራቸው የሚል ደንብ መጣ ተባለና ወላጆች ለስብሰባ ተጠራን። አንዳንዱ ተቃወመ። አንዲት እናት ተነስታ "እኔ ልጄን የላክሁት ትምህርት ቤት ነው፣ እስር ቤት አይደለም" ስትል በልቤ "ወይ ጥጋብ!" አልኩ። ደሴ እያለሁ ፖሊስ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ይኼኛው ግን የአሜሪካ ፖሊስ ነው፤ በመንገድ ሲያልፍ እንኳ "ሃይ" የሚል። ልጆች ኮሪደር ላይ ሲደባደቡ የሚገላግል ሰው ቢኖር ምን ይጎዳል? ድጋፍ ያላችሁ ሲባል እጄን አወጣሁ። ማውጣት ብቻ መሰላችሁ? አጨብጭቤያለሁ።

ከዚያ ክረምቱ ከነበረዶው ገባ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ማሽኖቹ በሚጮሁበት መሃል ሱፐርቫይዘሬ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ።

"ስልክ ነው፤ ከልጅሽ ትምህርት ቤት። ፖሊሱ ነው" አለችኝ።

የያዝኩት አንሶላ መሬት ወደቀ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ለዚያ አንሶላ ከሱፐርቫይዘሬ ጋር እንጣላ ነበር። ስልኩን አንስቼ ሰላምታም ሳልሰጥ "ሞተች?" አልኩ።

"ኖ፣ ኖ፣ ደህና ናት። ግን መምጣት አለብሽ" አለኝ የወንድ ድምፅ።

በአውቶቡስ ስሄድ ያነበነብኩትን ዱአ አላህ ይቁጠረው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ወደ ፖሊሱ ክፍል መሩኝ። ድሮ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ አለው፣ ሁለት ወንበር አለው። አንዱ የፖሊሱ ነው፣ አንዱ ለሚጠየቀው ልጅ ነው። ወላጅም ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ራህማ የልጁ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች፤ እኔ በሩ ሥር ቆምኩ።

ፖሊሱ ቀይ ፀጉር ያለው ረጅም ጎልማሳ ነው፤ ሽጉጡ ወገቡ ላይ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እንድረዳው ብሎ ቀስ እያለ ነገረኝ። ተማሪው ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር ደረጃው ላይ ግፊያ ነበር። ማይ የምትባል የሞንግ ልጅ ከደረጃ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ፣ ግንባሯም ተፈነከተ። ሞንጎች ማለት ከላኦስ ተራሮች በጦርነት ተሰደው የመጡ ሕዝቦች ናቸው፤ የፍሮግታውን ግማሹ ሱቅ የነሱ ነው፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ማይ ስትወድቅ ከኋላዋ የነበረችው ራህማ ናት። አንድ አስተማሪ የራህማን እጅ ማይ ጀርባ ላይ አየሁ ብሏል። ማይም አምቡላንስ ውስጥ "ከኋላሽ ማን ነበር?" ስትባል "ራህማ" ብላለች።

"እንግዲህ ይሄ አሶልት ይባላል። ሰው መደብደብ ነው" አለኝ ፖሊሱ። "ትምህርት ቤቱ ሊያባርራት ይችላል። ሰኞ ነው የሚወስኑት። የልጆች ፍርድ ቤትም ልትቀርብ ትችላለች።"

"አልገፋኋትም" አለች ራህማ በእንግሊዝኛ።

"ዝም በይ!" አልኳት በአማርኛ።

እስቲ ፍረዱኝ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በእኛ ዘንድ የተቆጣ ባለሥልጣን ፊት መከራከር እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። መጀመሪያ ጎንበስ ትላላችሁ። "አጥፍተናል፣ ማሩን" ትላላችሁ። ብታጠፉም ባታጠፉም እንደዚያ ነው። ቁጣው ሲበርድ፣ ሁሉም ሲቀመጥ፣ ያን ጊዜ እውነቱ በሽማግሌ ይጣራል። ይቅርታ የነገር መግቢያ በር ነው፤ በሩን ሳትከፍቱ ቤት አትገቡም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው።

"ሶሪ ሰር" አልኩት። "ቬሪ ሶሪ። ሺ ኢዝ ቻይልድ። ፕሊስ፣ ፎርጊቭ።" ጎንበስ ስል ግንባሬ ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ሰውየው ደንገጥ ብሎ "ኦኬ፣ ኦኬ" አለና ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ሲጽፍ ሳየው ልቤ መለስ አለ። ይቅርታዬን ተቀበለኝ፣ እሰይ አልኩ።

ራህማ እስከ ሰኞ ትምህርት ቤት እንዳትደርስ ተባለችና ይዣት ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ብቻ ነው ያየችው። ቤት ስንደርስ ክፍሏ ገብታ ዘጋችብኝ። አፍራ ነው አልኩ፤ ያጠፋ ልጅ ያፍራል።

ማታ ሰይድ ከመንገድ ሲደውል ሁሉንም ነገርኩት። "ሽማግሌ ላኪ" አለኝ። "ሐጂ ኡመርን ያዢ። ጋሽ ታደሰን ጨምሪ፣ እንግሊዝኛ ይችላል። ፖሊስም ቢሆን ሰው ነው፤ ሽማግሌ ለምኖት እምቢ የሚል ሰው የት አለ?"

ሐጂ ኡመር የወሎ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ፣ ስንቱን የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ። ጋሽ ታደሰ የአዲስ አበባ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ። ሦስተኛ ሰው ብንፈልግ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። አሜሪካ ሽማግሌ እንኳ በሺፍት ነው የሚገኘው። ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ጥምጥማቸውን አድርገው የክረምት ጃኬት ደርበው፣ ጋሽ ታደሰ ከረባት አስረው፣ እኔ ከኋላ ከኋላቸው ትምህርት ቤቱ ገባን።

ፖሊሱ ገና ሲያየን ብድግ አለና የራሱን ወንበር ለሐጂ ሳበላቸው። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ። ጋሽ ታደሰ ተረጎመ። ሰውየው ግራ ገብቶት እሱም ቆመ።

"የልጅቷ ዘመዶች ናችሁ?" አለ።

"ሁላችንም አባቶቿ ነን" አሉ ሐጂ። ጋሽ ታደሰ እንዳለ ተረጎመው። ፖሊሱ እኔንም እነሱንም አየት አደረገና አንድ ነገር ጻፈ። እንግዲህ ምን ብሎ እንደጻፈ አላህ ይወቀው!

ከዚያ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ወላሂ፣ አገር ቤት ቢሆን ድንጋይ የሚያስለቅስ ንግግር ነው። "ልጅ ያጠፋል፣ ትልቅ ይሸከማል። እኛ የልጃችንን ጥፋት ተሸክመን ደጅህ መጥተናል። ስለ ፈጣሪ ብለህ ማረን" አሉ። ጋሽ ታደሰም ምንም ሳያጓድል ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው።

"ስለዚህ መግፋቷን ታምናላችሁ ማለት ነው?" ጠየቀ ፖሊሱ።

"ልጅ ናት፣ ታጠፋለች" አሉ ሐጂ።

ጻፈ። ሲጨርስም አመስግኖን የጻፈውን ለጋሽ ታደሰ አሳየው። ጋሽ ታደሰ ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይሄ ምን ይሆናል?" አለ።

"ከሪፖርቱ ጋር ይያያዛል። ቤተሰቡ ጥፋቱን አምኗል ነው የሚለው።"

"ይቅርታውስ?"

"እኔ ይቅር የማለት ሥልጣን የለኝም" አለ ሰውየው፣ እውነት ይታዘንለታል፣ እሱም ተጨንቆ ነበር። "ሥራዬ መጻፍ ነው። ደግሞ አደራ፣ የተጎዳችው ልጅ ቤት እንዳትሄዱ። ምስክር ማስፈራራት ሊባል ይችላል።"

ውጭ ወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ ስንቆም ጋሽ ታደሰ ከረባቱን ፈታና "ዘሃራ፣ ልጅቱን በገዛ እጃችን አስረን አስረከብናት እኮ" አለኝ። "ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይሉ ነበር አባቴ። ይኸው በአነጋገራችን ተፈረደብን።" ሐጂ ግን አልገባቸውም። "ይቅርታ የጠየቀ ሰው እንዴት ይፈረድበታል?" እያሉ መኪናው ውስጥ እስኪገቡ ጠየቁ።

ለራህማ መንገር ነበረብኝ፤ ነገርኳት። ለበጎ ብለን ሄደን ያልነውን፣ ፖሊሱም የጻፈውን። አፏን ከፍታ አየችኝ።

"ገፍታለች ብለሽ ነገርሽው? ለፖሊስ?"

"ይቅርታ ነው የጠየቅነው…"

በሩን ስትወረውረው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደቀ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። እህል አስቀምጥላታለሁ፣ እኔ ስተኛ ትበላለች። ዓርብ እንደዚያ ሆነን አለፈ። ሥራ ላይ አንሶላ ሳጣጥፍ እንባዬ እየወረደ ሱፐርቫይዘሬ ወደ ቤት ላከችኝ።

ቅዳሜ ሐጂ ጋሽ ታደሰን አስከትለው ቤቴ መጡ። ሁለቱ ደረጃውን ሲወጡ ጀምሮ እየተጨቃጨቁ ነበር።

"የወደቀች ልጅ አራተኛ ቀኗ ነው፤ አልጠየቅናትም" አሉ ሐጂ። "የታመመ ካልጠየቅን ሰው ነን እንዴ?"

"ሐጂ፣ ሰውየው እንዳትሄዱ ብሏል። ሕግ ነው!"

"ሕጉ አታስፈራሩ ነው የሚለው። እኔን አይቶ የሚፈራ ሰው ካለ እሱ ራሱ ይታከም።"

"ቢያስሩንስ?"

"ይሰሩኝ። ማሞቂያ አለው አይደል?"

ጋሽ ታደሰ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፤ ሰኞ የባሰ ቢመጣስ? ሐጂ ወደ ራህማ በር ሄደው አንኳኩና "ነይ ልጄ፣ ያለ አንቺ አንሄድም" አሏት። ለኔ ያልከፈተችው በር ለሳቸው ተከፈተ። ብርቱካን በፌስታል ገዝተን፣ የነማይ ቤት ቅርብ ስለሆነ በበረዶው ላይ በእግራችን ሄድን። ራህማ ከሁላችን ኋላ ቀርታ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር።

በሩን የከፈተልን አጠር ያለ፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው፤ የማይ አባት። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሰውየው ጥምጥሙን አየ፣ ከረባቱን አየ፣ ብርቱካኑን አየ። በመጨረሻ ዓይኑ ራህማ ላይ አረፈ። በሩን መልሶ ዘጋው።

ከውስጥ ስልክ ሲደውል ተሰማ፤ በቋንቋቸው ፈጠን ፈጠን እያለ ያወራል።

"ፖሊስ ጠራ" አለ ጋሽ ታደሰ። "ሐጂ፣ በፈጣሪ እንሂድ።"

"ሽማግሌ ደጅ ይጠናል እንጂ አይሸሽም" አሉ ሐጂ። ጢማቸው ላይ ትንፋሻቸው በረዶ ሠርቷል።

ቆምን። የእግሬ ጣቶች ደንዝዘው የኔ አልመስል አሉኝ። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ራህማ ትንቀጠቀጣለች፤ ሻርፔን አውልቄ ላለብሳት ስል ትከሻዋን አሸሸችብኝ። ከብርዱ ይልቅ ያ ነው የበረደኝ። ኋላ ላይ አንድ መኪና ዞሮ መጣና በሩ ላይ ቆመ፤ "ያ ረቢ!" ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ፖሊስ አይደለም። ያረጀች ትንሽ ቶዮታ ናት። ከውስጧ ኮትና የጸጉር ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ በዝግታ ወረዱና ቀጥታ ወደ ሐጂ ሄዱ። የሐጂን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ። ሐጂም ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፈተ።

ጋሽ ታደሰ ክንዴን ያዘና "ሽማግሌውን ነው የጠራው!" አለኝ በሹክሹክታ። "እንደኛው ናቸው እኮ! ያለ ሽማግሌ ሽማግሌ አይቀበሉም!"

እውነቱን ነበር። በኋላ እንደተነገረን በነሱም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አባት ብቻውን ተቀምጦ አያናግርም፣ ነውር ነው። አጎቱ እስኪመጡ ነው በሩን የዘጋብን። ገባን። ከወጥ ቤት ወንበር መጣ፣ ከመኝታ ቤት መጣ፣ የሕፃን የፕላስቲክ በርጩማ ሳይቀር መጣ። በዚያ ቤት ቆሞ የቀረ ሰው አልነበረም። ሐጂ እንኳ "ሽማግሌ ለሽማግሌ ይቀመጣል" ብለው ተቀመጡ።

ማይ ከውስጥ ወጣች። እጇ በጄሶ ተጠቅልሏል፣ ግንባሯ ላይ ተሰፍታለች። ራህማን ስታይ ፈገግ አለች። እንዴ፣ አልኩ፤ የገፋሽን ሰው አይተሽ ፈገግ? ግን ሰው ሲፈራም ፈገግ ይላል ብዬ ተውኩት።

አሁን አስተርጓሚ ማን ይሁን ተባለ። ሞንግኛ የምናውቅ የለን፣ አማርኛ የሚያውቁ የላቸው። ስለዚህ የነሱ ሽማግሌ በቋንቋቸው ሲናገሩ ማይ ወደ እንግሊዝኛ ታመጣዋለች፣ ራህማ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ። እኛ ስንናገር ደግሞ ራህማ ወደ እንግሊዝኛ፣ ማይ ወደ ሞንግኛ። ከሳሽና ተከሳሽ የተባሉት ሁለት ልጆች የሽማግሌዎቹ አፍ ሆኑ ማለት ነው። የነሱ ሽማግሌ በእንዲህ ያለ ብርድ ደጃቸው ስለቆምን አመሰገኑን፤ ይህ እየተቀባበለ መጣልን። ተራው የሐጂ ሆነ።

"ልጃችን ልጃችሁን ገፍታ ጥላለች" አሉ ሐጂ። "ጥፋቱ የኛ ነው። ይቅርታ ልንጠይቅ መጥተናል።"

ሁሉም ወደ ራህማ ዞረ።

"ተርጉሚ እንጂ" አልኳት።

"አልተረጉምም።"

በአማርኛ ነው ያለችው። ጥርት ባለ አማርኛ! ብድግ አለች።

"ያላደረግሁትን በአፌ አልልም። ፖሊሱ ጻፈው፣ እናንተ ደግማችሁ ደጋግማችሁ አላችሁት። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ምን ሆነ ያለኝ ሰው የለም። አንቺም አልጠየቅሽኝም፣ እማዬ።"

ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ እውነትም እኮ አልጠየቅኋትም! ሳዋርዳትም፣ ሳዝንላትም፣ ሳለቅስላትም ነበር። የልጄን ቃል ግን አልሰማሁም። ይቅርታውን ሳሳድድ ልጅቱን ረሳኋት።

ማይ በእንግሊዝኛ "ምን አለች? ምን አድርገዋት ነው?" አለች። ጋሽ ታደሰ ቀስ ብሎ አስረዳት፤ አንቺን ስለገፋች ይቅርታ ልንጠይቅ ነበር፣ እሷ ግን አልልም አለች አላት።

የማይ ዓይን ፈጠጠ። "ማን ነው ገፋችኝ ያለው?"

"አንቺ ነሻ። ለፖሊሱ።"

"ከኋላሽ ማን ነበር አሉኝ፣ ራህማ አልኩ። ማን ገፋሽ አላሉኝም!" ተነስታ ሮጣ ገባችና በጤነኛ እጇ ጃኬቷን ይዛ መጣች። ኮፍያው ከአንገቱ ላይ ግማሽ ድረስ ተተርትሯል። "ጫማዬ በበረዶው ርሶ ነበር፣ አዳለጠኝ። ራህማ ኮፍያዬን ይዛ ጎተተችኝ። ይሄ የተቀደደው እሷ ስትይዘኝ ነው። ባትይዘኝ ኖሮ በጭንቅላቴ ነበር የምወርደው።"

ይህን ለኛ ከነገረች በኋላ ወደ አባቷ ዞራ በቋንቋቸው ደገመችው። አባትየው ለቀናት ልጄን ጥላብኛለች ያላትን ልጅ ተነስቶ አያት፤ ለሱም የተነገረው ፖሊሱ ለኛ የነገረን ነበር፣ እሱም እንደኔ ልጁን አልጠየቀም። ጎንበስ አለላት። ለራህማ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ! እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁትም፣ ተንሰቅስቄ አለቅስ ነበር። ብቻ ራህማ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ አውቃለሁ። ጋሽ ታደሰ የተቀደደውን ጃኬት እያገላበጠ ያየው ነበር። "ካያያዝ ይቀደዳል" አለ ለራሱ፣ የቀረውን ሳይጨርስ።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንም አንድ ላይ የፖሊሱ ክፍል ሄድን፤ የነሱም የኛም ሽማግሌዎች፣ አባት፣ እኔ፣ ልጆቹ። ገሚሳችን ኮሪደር ላይ ቀረን።

"አትሂዱ ብዬ አልነበረም?" አለ ፖሊሱ፣ ፊቱ እንደ ፀጉሩ ቀልቶ።

የማይ አባት በልጁ አፍ መለሰለት። "በወጉ ነው የመጡት። እኔ ነኝ ያስገባኋቸው።" ማይም ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለትና ሁሉንም ነገረችው።

ፖሊሱ ኮፍያው የተተረተረበትን በጣቱ ነካ። ከዚያ ወንበሩን ለሞንጉ ሽማግሌ ሰጠ፣ ሌላኛውን ለሐጂ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ግን እኩል እጃቸውን አነሱ፣ አንቀመጥም። ነገሩ ገና አላለቀማ! ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ሆነው ሁላችንም ቆምን፣ ፖሊሱም ቆመ። ምን እንደሚጠበቅ ያን ጊዜ የገባው መሰለኝ። ወደ ራህማ ዞሮ "እሺ፣ አንቺ ንገሪኝ። ምን ሆነ?" አላት።

ራህማ ወደኔ አየች። "ንገሪው ልጄ" አልኳት፣ "እኔም እሰማለሁ።"

ነገረችው። ስትጨርስ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ከትምህርት ቤት አልተባረረችም። በማግሥቱ ክፍል ገባች። ያቺ "ቤተሰቡ አምኗል" የምትል ቃላችን ግን በቀላሉ አልጠፋችም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የማይ አባትና ጋሽ ታደሰ እየተመላለሱ ቃላቸውን ሰጥተው፣ ጉዳዩ ተዘጋ የተባልነው በረዶው ቀልጦ ሣሩ ከለመለመ በኋላ ነው። ፖሊሱ ራሱ ነው የነገረኝ። "ሶሪ ስትይኝ አድርጋለች ማለትሽ መስሎኝ ነው" አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው፤ አልተቀየምኩትም። እሱም ያደገበትን ነው ያደረገው፣ እኔም ያደግሁበትን።

ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር ልጁ ፖሊስ ክፍል የተጠራበት ሰው መጀመሪያ ለኔ ይደውላል። ሥራ ላይ ካልሆንኩ አብሬ እሄዳለሁ። ደንቡ ላይ ስብሰባ ሲጠራም እሄዳለሁ። ፖሊሱ ይኑር፣ አይኑር የሚለውን ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ያቺን ጥጋበኛ ያልኳትን እናት ዛሬ ባገኛት አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እጄን ከማውጣቴ በፊት ግን አሁንም አስባለሁ፣ የተደባደቡ ልጆችንም አይቻለሁና። አንድ ጊዜ ማይክራፎን ሲሰጡኝ "እሱ ክፍል ውስጥ ወንበር ጨምሩ" ነው ያልኩት። ሰው ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ሁለት ወንበር ብቻ ባለበት ቤት ነገር አይጣራም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እዚህ አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ ሽምግልናን ተዉ አልላችሁም። ሐጂ ኡመር፣ አላህ ይማራቸው፣ የተናገሩት ንግግር ሁለቱም ቦታ አንድ ነበር። የፖሊሱ ጠረጴዛ ላይ ልጄን አሰራት፣ የሞንጎቹ ሳሎን ውስጥ ፈታት። ወጋችን አልተበላሸም፣ የሄድንበት በር ነው የተሳሳተው። ይቅርታን ለሚቀበል ሰው እንጂ ለሚጽፍ ሰው አትስጡ። ከሁሉም በፊት ግን፣ ፖሊስም ይቁም፣ ዳይሬክተርም ይቁም፣ ፊታችሁን ወደ ልጃችሁ አዙሩና ጠይቁት።

ራህማ ዛሬ ብሩክሊን ሴንተር የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለፈው ክረምት ከመኪናዋ ደወለችልኝ። "እማዬ፣ ከልጄ ትምህርት ቤት ደወሉልኝ። ኦፊሰሩ ይፈልግሻል አሉኝ። ድራይቭ እያደረግሁ ነው።"

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"እነሱ አልነገሩኝም።"

"ገብተሽ ለማንም ሶሪ እንዳትዪ። መጀመሪያ ልጁን ጠይቂው።"

"ስልኩን ስጡት ብዬ ጠይቄዋለሁ እኮ፣ ነግሮኛል" አለችኝ፣ በአማርኛ። "አልፈራሁም እማዬ፣ ግን ብቻዬን መግባት አልፈለግሁም። ትመጫለሽ?"

ኮቴን ለብሼ ደረጃውን እየወረድኩ ነበር። "መጣሁ" አልኳት። "ወንበር ከሌላቸው እንቆማለን።"